አባቴ የተፈረደበት አውጫጭኝ

ስለዚያ ዘመን መንግሥት ሲወራ ሰው ወይ ያመሰግናል ወይ ይራገማል። እኔ ሁለቱም አይሆንልኝም። ልጅ እየነጠቁ የሚሸጡትን ለመያዝ መንግሥት ምን ያህል እንደደከመ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ደክሞ ደክሞ የያዘው ግን አባቴን ነው።

ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የምንኖረው ከጽጽቃ ወዲያ፣ ምድሩ ወደ ተከዜ ቁልቁል ሊወርድ ሲል ካለው አፋፍ ላይ ነው። አባቴ ገብስና ማሽላ አራሽ ነበር። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲያወራ ግን ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማዋል። አንድ አመል አለበት፤ መንገደኛ አይቶ ማሳለፍ አይችልም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወዴት ናችሁ፣ መሸ እኮ፣ እደሩ ይላል። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፣ ምኑ ነው የመሸው እያለች ታጉረመርማለች። መንገደኛው ግን ያድራል፣ ይበላል፣ መርቆ ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ሰቆጣ ገበያ ላይ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ተነገረ። ሰው የሸጠ፣ የገዛ፣ ያስማማ፣ እያወቀ የሸሸገ ይቀጣል ይላል ተባለ። እኛ ዘንድ የደረሰው ጨው በሚጭኑ ነጋዴዎች አፍ ነው። ቤታቸው በባሪያ ጉልበት የቆመ አንዳንድ ሽማግሌዎች ፊታቸው ጠቆረ። ልጅ ያለው ግን ደስ አለው፤ ለምን ደስ አይለው? ከእኛ አፋፍ ሥር ባለው መሻገሪያ ልጅ እየተነዳ በዚያው ቀልጦ ሲቀር የኖረበት አገር እኮ ነው።

አዋጁን እንዲያስፈጽም ተብሎ ለወረዳው አዲስ ገዥ መጣ። የመሃል አገር ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ኮቱን በዚያ ፀሐይ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ጉቦ አይቀበልም፣ ጠጅ አይጠጣም፣ ድሃ አያንጓጥጥም። እውነቱን ልናገርና ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር።

እንግዶቹ የመጡት ከመኸር በኋላ፣ ተከዜ ሲጎድል ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለት በቅሎ ይዘው። ሴትዮዋ ታስላለች፤ ጠበል ልትጠመቅ ወደ ላስታ እንደሚሄዱ ተናገሩ። አባቴ እንደ ልማዱ አስገባቸው። ሴትዮዋ ስትለሳለስ ለጉድ ናት። ታናሽ እህቴን ጭኗ ሥር አስቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራላት አመሸች፤ እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረችኝ። እኔ ትልቋ ነኝ፣ አፌም አያርፍም። እህቴ ዝምተኛ ናት፤ ያቀፋት ሁሉ ዘመዷ ይመስላታል።

ጠዋት ተነሥተው መረቁን። አባቴ እንደ አገሩ ደንብ በቅሎዋን እየሳበ እስከ መገንጠያው ሸኛቸው፤ የላስታውን መንገድ አሳይቷቸው ተመለሰ። እህቴ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ የወረደችው ከዚያ በኋላ ነው። ቆየች። እናቴ ብትጣራ መልስ የለም። ስንወርድ ገንቦዋ ሞልቶ ተቀምጧል፣ እህቴ የለችም። በቅሎዎቹ ከመገንጠያው ዞረው፣ በታች በኩል ወደ ምንጩ መመለሳቸው ከኮቴአቸው ይታያል። ከምንጩ ወዲያ ኮቴው ቁልቁል ወደ ተከዜ ነው።

ኡኡታው አገሩን አናጋው። መሣሪያ ያለው መሣሪያውን፣ የሌለው ጦርና ዱላውን ይዞ ወጣ። በበቅሎ የሚኬደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ የእኛ ሰዎች ፍየል የሚወርድበትን ሁሉ ስለሚያውቁ ቀድመው መሻገሪያው ላይ መጠበቅ ይችሉ ነበር። አባቴ ፊት ፊት እየሄደ አፋፉን ሊወርዱ ሲሉ የጭቃ ሹሙ መልእክተኛ ከኋላቸው እየጮኸ ደረሰ። ገዥው በጽጽቃ በኩል አገር ሊጎበኝ መጥቶ ኖሯል። ኡኡታውን ሰምቶ አውጫጭኝ ጠርቷል። ማንም እንዳይወርድ፣ ወንድ ሁሉ እንዲመለስ ተብሏል።

አውጫጭኝን ለማያውቀው ልንገረው። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ አድራጊው ካልታወቀ የአገሩ ወንድ በሙሉ አንድ ቦታ ይከተታል። ሥራ ይፈታል፣ ቤቱ አይገባም፣ ሌባው እስኪወጣ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይቀመጡና እያንዳንዱ እየገባ፣ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። መጋለጥ የፈራ፣ ወፍ ነገረችኝ ይላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ከአውጫጭኝ የቀረ ይቀጣል። አጥር ጥሶ የወጣ ደግሞ ምስክር አያሻውም፣ ሌባው እሱ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ለጠፋ በሬ ደግ መላ ነው፤ በሬው ታርዶ ከተበላ ወዲያ ምን ያስቸኩላል? ልጅ ግን በእግሯ እየሄደች ነው፣ ሰው እየማለ ሲውል እሷ ትርቃለች። ይህን የሚያህል ነገር አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አላሰበውም። ጣሊያንን ያስጨነቁ ወንዶች አውጫጭኝ ሲባሉ ጦራቸውን አዙረው ዳገቱን ተመለሱ። ከአውጫጭኝ መቅረት ነውር ነዋ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሲመለሱ ሳያቸው እህቴን ይዘዋት የመጡ መስሎኝ ሮጥኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በእሾህ የታጠረ ሰፊ በረት አለ፤ እዚያ አስገቧቸው። ነጭ ለባሽ የሚባሉት የአገር ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። አባቴ ገዥው እግር ላይ ወደቀ። ሲርበተበት አማርኛ ይጠፋበታል፤ ጭቃ ሹሙ ያስተረጉምለት ነበር። ይህችን ግን በራሱ አንደበት ነው ያላት፤ እኔና እናቴ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ሰምተናል።

«ጌታዬ፣ ተከዜን ሳትሻገር ልድረስባት። ከተሻገረች የለችም።»

ገዥው አልተቆጣም። እጁን ይዞ አስነሣውና ቀስ ብሎ አስረዳው። «ስማኝ፣ ሰው የሚሸጥ መንገደኛ ብቻውን አይመጣም። ልጅ የጠቆመለት፣ መንገድ ያሳየው እጅ ከዚህ ውስጥ አለ። አንተን ካስወጣሁ እጁም አብሮ ይወጣል። መሻገሪያውን መንግሥት ያስጠብቃል።»

መልእክተኛም ላከ፤ የላከው ግን ወደ ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ ለማዶው ጠቅላይ ግዛት እንዲያስታውቅ፣ የማዶው ፖሊስ መጥቶ መሻገሪያውን እንዲጠብቅ። ደንቡ እንደዚያ ነበር። ተከዜ ከእግራችን ሥር ሆኖ ሳለ መልእክተኛው ጀርባውን ለተከዜ ሰጥቶ ገሰገሰ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ልጄ በዚህ፣ እናንተ በዚያ እያለች አለቀሰች። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ያን ቀን ሲያስምሉ ዋሉ። በማግስቱም ቀጠሉ። ማንም ምንም አላየም፣ ማንም ምንም አልሰማም። አባቴ ተራው ደርሶ ከማለ በኋላ አጥሩ ጥግ ተቀምጦ በቆላው በኩል አሻግሮ ያያል። በእሾሁ መሃል ቂጣ ባቀብለው አልተቀበለኝም። እናትሽን ይዘሽ ቤት ግቢ አለኝ። ዘወር ከማለታችን ጋቢውን እሾሁ ላይ ጣለና ዘለለ። ነጭ ለባሾቹ ከመደንገጣቸው የተነሣ መተኮሱንም ረሱት። በረቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ እንግዲህ አለቀ ብለው ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ።

ወፏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ብቻ አይደለችም፣ ወፎቹ በዙ። እንግዶቹን ያሳደረ ማን ነው? እሱ ነው። በቅሎ ስቦ የሸኘስ? እሱ ነው። ልጅቱን ወደ ምንጭ የላከስ? እሱ ነው አሉ። የላከቻት እናቴ ናት፤ ሴት ማን ይጠይቃል። ገዥው እንዳለው እጁ በእርግጥ እዚያ ውስጥ ከነበረ፣ ከሁሉም ቀድሞ የአባቴን ስም የጠራው እሱ ይመስለኛል። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የወፍ ስም አይነገርም።

አባቴን እንዲያመጡ ከተላኩት ነጭ ለባሾች አንዱ የእናቴ ዘመድ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አርጅቶ፣ ሰቆጣ ቤቴ መጥቶ ያየውን ነገረኝ። የደረሱበት ከመሻገሪያው በላይ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ሌቦቹ ኡኡታው እስኪበርድ ቆላው ውስጥ ተሸሽገው ቆይተው፣ የሚከተላቸው ሲያጡ ገና ያን ሰዓት መሻገራቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ አሸዋው ላይ ሁለቱ በቅሎዎች ቆመዋል፤ ሴትዮዋ ከፊቷ ትንሽ ልጅ አስቀምጣለች። የቸኮሉም አይመስሉም። አባቴ ጣቱን ቀስሮ፣ ያቻት፣ ያቻት ይላል።

«እኛም አየናት» አለኝ ሰውዬው።

ታዲያስ አልኩት። የታዘዙት አባቴን እንዲያመጡ ነው፤ ማዶው ደግሞ የሌላ ጠቅላይ ግዛት ስለሆነ መሣሪያ ይዞ መሻገር አይፈቀድም አለኝ። አባቴ በእጁም በጥርሱም ታገላቸው። ጠፍረው አስረው ዳገቱን አወጡት። ይህን ሲነግረኝ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። እኔ የቀዳሁለትን ጠላ ከእጁ ተቀብዬ ደጅ ደፋሁት። እንባው አላሳዘነኝም።

ሰቆጣ ወስደው ፈረዱበት። ሸጬ ከሆነ ለምን ተከትዬ ሮጥኩ ቢላቸው፣ የቀረህን ዋጋ ልትቀበል ነው አሉት። በገበያ ቀን በሰንሰለት አቁመውት አዋጁ እንደገና ተነበበ፤ ልጁን የሸጠ አባት ይኸውላችሁ ተባለ። ሕዝቡ ምራቁን ተፋበት። ገዥው በሥራው ተመስግኖ ወደ ሌላ ወረዳ በዕድገት ተዛወረ። ሲሄድ እናቴ መንገድ ላይ ጠብቃ ብትለምነው ከበቅሎው ወርዶ ሰምቷታል፣ አጽናንቷታል፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ ብሏታል። የሰማውን ሁሉ ግን የባል ፍቅር ነው ብሎ ነው ያለፈው።

መሬቱን ለዘመድ ትተን፣ ስንቅ ለማቀበል ብለን ሰቆጣ ገባን። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ትሸጣለች፤ እኔ እስር ቤት እመላለሳለሁ። የእስር ቤቱ ሹም አባቴን እየጠራ፣ እመን፣ ግብረ አበሮችህን ተናገር፣ ይቀልልሃል ይለዋል። ገርፈውታልም። ልጄን አልሸጥኩም ከማለት በቀር ከአፉ ቃል አልወጣም። አንድ ቀን እናቴ ሲጨንቃት፣ እግዜር እውነቱን ያውቀዋል፣ አዎ በልና ውጣ ብትለው ያመጣችለትን ስንቅ ሳይነካ መለሰላት። ብዙ ቀን አላነጋገራትም። ሳይፈታ ሞተች። ቀብሯ ላይ እንዲገኝ አልፈቀዱለትም።

ለንጉሡ በዓል ምሕረት ሲደረግ እሱም ተፈታ። በቀጥታ ወደ አገራችን ወጣ። አንድም ሰው ደጁን አልከፈተለትም። ማኅበርተኞቹ ጽዋውን ሌላ ቤት አሳልፈው ሰጥተዋል፤ ያ መንገደኛ ሁሉ ያድርበት የነበረ ሰው ማደሪያ አጥቶ ተመልሶ እኔ ዘንድ መጣ። ያኔ አግብቼ፣ የእናቴን ጠላ ቤት ይዤ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለሚጠጣው ሁሉ፣ ለማያውቀው ነጋዴ ሳይቀር፣ ልጄን አልሸጥኩም ይል ነበር። አንዳንዱ ይስቃል። የሳቀውን ዋንጫ ነጥቄ አስወጣለሁ፤ በዚህ ምክንያት ስንት ደንበኛ ሸሸኝ። ባሌም ገበያ ገደልሽ ይለኛል። ኋላ ግን አባቴ ለሰው መናገሩን ተወው። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሁለታችን ስንሆን፣ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል ይለኛል። አውቃለሁ አባየ እለዋለሁ። ይበቃው ነበር።

እህቴ የመጣችው እሱ ካረጀ በኋላ ነው። ከኮረም በጭነት መኪና ተጭና፣ አቧራ ለብሳ ገባች። ጠላ ፈልጋ የመጣች መስሎኝ መደብ ላይ አስቀምጬ ልቀዳላት ዘወር ስል እናታችን ታቆላምጠኝ በነበረበት ስም ጠራችኝ። ተቃቅፈን ስንጮህ ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት ተሰበሰበ።

ከሰዓት በኋላ ጌሾ አብራኝ እየለቀመች የደረሰባትን ነገረችኝ። ከጎንደር ወዲያ ለአንድ ባለርስት ሸጠዋት ኖሯል። ብዙም ሳትቆይ የመንግሥት ሰዎች አዋጁን ይዘው መጡና እሷንና ሌሎቹን ከዚያ ቤት አወጧቸው። አወጧት፤ ይህን አልክድም። የልጆቹን አገር እየጠየቁ አንድ በአንድ ወደ ወላጆቻቸው መለሱ። እሷም አገሯን ተናገረች። ሰቆጣ ተጠየቀ። ከሰቆጣ የመጣው መልስ፣ የሸጣት የገዛ አባቷ ነው፣ ተፈርዶበት ታስሯል የሚል ነበር። አንዴ የሸጠ አባት መልሶ ይሸጣታል ብለው ፈርተው እዚያው አስቀሯት። እናት የላትም ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ደግ ሰዎች አሳደጓት፣ ዳሯት፣ ወለደች። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አልተሰበረም። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች እኮ።

አባየ አልሸጠሽም አልኳት። ከምንጩ ጀምሬ በረቱን፣ ገደሉን፣ የነጭ ለባሹን ቃል ሳልተነፍስ ነገርኳት። ሰማችኝና እጄን ያዘች። አባትሽ ነው፣ አንቺ እንዲህ ባትዪ ነበር የሚገርመኝ አለች። አገር ምሎ የመሰከረበትን፣ ዳኛ የፈረደበትን እኔ ብቻዬን ምን ብዬ ላፍርሰው አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ በመንገድ ሁሉ፣ አባትሽ ነው የሰጠን ስትላት ነበር። በዚያ ጠዋት አባቷ በቅሎዋን እየሳበ ሲሸኛቸው ደግሞ በዓይኗ አይታለች።

የመጣችበትን ምክንያትም ነገረችኝ። መቁረብ ፈልጋ የነፍስ አባቷን ብትጠይቅ፣ ከአባትሽ ሳትታረቂ አይሆንም ብለዋታል።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሩ ላይ እንደደረሰ ቆመ። ማንም አልነገረውም፤ አወቃት። እሷ ተነሣች፣ ግን አልቀረበችውም። ልጅ ሳለች አንተ ትለው የነበረውን ሰው እንደ ባዳ ሽማግሌ አንቱ አለችው።

«የመጣሁት ልምርዎ ነው። ብቻ በአፍዎ አድርጌዋለሁ ይበሉኝ። እንዲያ ካላሉኝ የምምረው ነገር የለኝም፣ ነገ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።»

እኔ አይልም ብዬ በሙሉ ልቤ ተማምኜ ነበር። ጅራፍ ያላስወጣውን፣ የእናቴ ልመና ያላስወጣውን ቃል አሁን ማን ያስወጣዋል ብዬ። አባቴ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና በዚያ እርጅናው ተንበረከከ።

«ሸጬሻለሁ፣ ልጄ። ማሪኝ።»

ሮጣ ወድቃ አቀፈችው። አባየ እያለች ተንሰቀሰቀች። እኔ ጓሮ ወጥቼ የጋኑን ክዳን አንሥቼ ወረወርኩት። ኋላ ለብቻው ሳገኘው፣ ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የበሰበስከው፣ እናቴስ ምን በደለችህ አልኩት። ፈገግ አለ፤ ከእስር ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ትሂድ?» አለኝ።

አልሄደችም። ሰንብታ፣ ያደገችበት አገር ደርሳ ልጆቿን ይዛ ተመለሰች፤ እስኪሞት ከእሱ አልራቀችም። አባቴ የልጅ ልጆቹን በኽምጣንጋ ተረት እየነገረ ያስቃቸዋል። ሴቷ ልጅ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ግን ዱላውን ይዞ ከኋላዋ ይሄዳል። ደስ ብሎት ነው የሞተው። ይህን ባልናገር ግፍ ይሆንብኛል።

ለቅሶው ላይ ከአገራችን ብዙ ሰው መጣ። ሰላምታ የነፈጉት፣ ያን ጊዜ በረቱ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎችም ነበሩ። እህቴ፣ አባቴ ተንበርክኮ ማሪኝ እንዳላት ለጎረቤት ተናግራለች፤ ለእሷ የአባቷ ትሕትና ነበር፣ ልታስከብረው ብላ ነው። ወሬው ከመርዶው ቀድሞ አገራችን ደርሷል። ሽማግሌዎቹ እየመጡ እጄን ያዙኝ። መቼም በመጨረሻ አመነ፣ ንስሐ ገብቶ ሞተ፣ ነፍስ ይማር አሉኝ። አንደኛው፣ አውጫጭኝ እኮ አይስትም ብለው ለጎናቸው ሰው ሲናገሩ ሰማሁ።

ተነሥቼ ከሬሳው አጠገብ ቆምኩ። አባቴ ልጁን አልሸጠም አልኩ፣ በአማርኛም በኽምጣንጋም። አንዲት ሴት፣ ሐዘኑ ነው፣ ተዋት ብላ አቅፋ አስቀመጠችኝ። እህቴ ከሬሳው ማዶ አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።